ከጓሮ ጎጆዬ የማይወጣው ወረቀት

መካነ ኢየሱስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.

ለቀድሞው ባለቤቴ፣
ደብረ ታቦር

ጉልበትህ እንዴት ነው? የደብረ ታቦር ብርድስ አልጠናብህም? የልብ መድኃኒት እንደጀመርህ ከልጅህ ሰምቻለሁ፤ ምሕረቱን ያውርድልህ። ይህን የምልህ ከልቤ ነው። ደብዳቤዬን አንብበህ እስክትጨርስ ድረስ ጤነኛ እንድትሆንልኝ እፈልጋለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ዓይኔ መነጽር ይፈልጋል እንጂ ወገቤም እጄም ገና ይታዘዙኛል።

አብረን ሳለን አንቱ እልህ እንደነበር አልረሳሁትም። ዛሬ አንተ የምልህ አውቄ ነው።

የላክኸውን ደብዳቤ ልጅህ ሃይማኖት በእጄ ሰጥታኛለች። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ባለቤትህ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ነፍስ ይማር። ቤቱ ጭር አለብኝ፣ ጡረታ ያለ ሰው አይገፋም፣ አንቺም ባልሽ ይግዛው ከሞተ ወዲህ ብቻሽን ነሽ፣ ጓሮሽ ገነት ሆኗል ሲሉ ሰማሁ፣ የቀረችንን ዕድሜ እዚያ ቁጭ ብለን እንጨርሳት ብለሃል። ስለ ጓሮዬ የነገሩህ እውነት ነው። እንግዲያው የማትቀመጥበትን ጓሮ ልንገርህ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬ ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ክፉ ነበር። ጠዋት ተነሥቼ ለብሼ በሩ ላይ እደርስና መሄጃ እንደሌለኝ ትዝ ይለኛል። በሁለተኛው ሳምንት የይግዛውን የአናጢነት ሣጥን ከፈትሁ። መጋዙ፣ መላጊያው፣ ቱንቢው ሁሉ ዘይት እንደተቀባ ተቀምጧል። አካፋና ዶማዬን የማኖርበት፣ ዝናብ ሲመጣ የምጠለልበት ጎጆ ጓሮው ጥግ ላይ በገዛ እጄ ልሠራ ቆረጥሁ።

የተከልሁት የመጀመሪያው ቋሚ ተንጋደደ። ጎረቤቴ ቦጋለች በአጥር አንገቷን አስግጋ «ይኼስ ከጠላ ቤት የወጣ ይመስላል» ብላ ሳቀችብኝ። ነቀልሁት። ቱንቢውን አንጠልጥዬ እንደገና ተከልሁት። ማገሩን ስመታ አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ ቀጥቅጫለሁ፤ ጥፍሬ ጠቁሮ ወልቆ አዲስ አብቅሏል። ሁለት ወር ተኩል ፈጀብኝ። ማንም እንዲያግዘኝ አልጠየቅሁም።

አሁን ጠዋት ጠዋት እደጃፉ እቀመጣለሁ። ጅግራዋ ሰባት ጫጩቶቿን አስከትላ ከአጥሩ ሥር ትወጣለች፤ እኔ ካልተንቀሳቀስሁ እስከ ድንቹ መደብ ድረስ ትደርሳለች። ጃርት ድንቼን ይቆፍርብኛል፤ እሾሁን ጥሎልኝ ይሄዳል፤ እየለቀምሁ ግድግዳው ላይ ሰክቼዋለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደን የሚመጣ አንድ ሽማግሌ ጦጣ ደግሞ አለ። ፖሜን ሰርቆ ከአጥሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ ያየኛል። እሱ እንኳ ዞሮ ያየኛል። አንተ ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ አልዞርህም።

ይህን ሁሉ ደስታዬን ጽፌልህ ብቻ ልዘጋው ነበር። ነገር ግን በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ «ያን ጊዜ የልጅ ናፍቆት ነው ያሳሳተኝ፤ ፍርዱ ግን የፈጣሪ ነበር» ብለህ ጻፍህ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ባትጨምራት ኖሮ ምናልባት እተውህ ነበር።

የግንቦቱን ቀን ላስታውስህ። መሪጌታ እንየው፣ አቶ ስማቸው፣ የንስሐ አባታችንና አባቴ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጠዋል። እኔ ቤት ውስጥ ከበሩ ኋላ ቆሜ እሰማለሁ። ሽማግሌዎቹ ሁለታችን ለምን እንዳልወለድን ጎንደር ሆስፒታል የተመረመርነው ውጤት እስኪመጣ ታገሥ፣ ሦስት ሳምንት ምን አላት ብለው ለመኑህ። አንተ ብድግ ብለህ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጭንጫ ላይ ዘራሁ፤ በቃኝ» አልህ። አባቴ ቀና ሳይል ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ አልወጣም፤ ለቅሶ ቤት አልደረሰም። ጥቅምት ላይ ቀበርነው። ቃልህን በጆሮው ይዞ ነው የሄደ።

ውጤቱ አንተ በወጣህ በአሥረኛው ቀን በትምህርት ቤቱ ፖስታ መጣ። ፖስታው ላይ የሁለታችንም ስም ነበር፤ አንተ ስላልነበርህ እኔ ከፈትሁት። ሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያው ስለ እኔ ነው፤ አንዳች እንከን አልተገኘባትም ይላል። ሁለተኛው ስለ አንተ ነው።

ሁለተኛውን መስመር እዚህ አልጽፍልህም።

ያን ቀን ባዶ ክፍል ውስጥ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ልትመለስ፣ እግሬ ላይ ልትወድቅ መሰለኝ። ከዚያ በዓመቱ፣ ደብረ ታቦር ያለችው አዲሷ ሚስትህ ሴት ልጅ ተገላገለች የሚል ወሬ በቅዳሜ ገበያ ተነዛ። እኔ ዘንቢሌን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ሴቶቹ እኔን እያዩ እልል አሉ። ጭንጫዋ እኔ መሆኔ ተመሰከረ። ወረቀቱ በዚያች ሰዓት ጉያዬ ነበር። ያን ጊዜ አውጥቼ ባነበው ኖሮ እልልታው የት ይገባ ነበር? ዛሬም ድረስ ራሴን የምጠይቀው ይህንን ነው።

ይግዛው በሁለተኛው ዓመት ሽማግሌ ላከ። ሁሉም ጭንጫ ናት እያሉት ነው የላከ። ፀደይ በዓመቱ ተወለደች። ዛሬ ወገዳ ከተማ ነርስ ናት፤ የራሷም ልጅ አላት። ወረቀቱን ለይግዛው አሳይቼው ነበር። አንብቦ አጠፈውና «የደብረ ታቦሯ ሕፃን ምን በደለች? እስክታድግ ተያት» አለኝ። ቃል ገባሁለት።

አደገች።

ስለዚህ ሃይማኖት ልትመጣ መሆኑን ስሰማ ወረቀቱን ከነፖስታው ከቁም ሣጥን አውጥቼ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትሁት። አንተን በልጅህ እጅ ልመታህ ወስኜ ነበር። አልዋሽህም፤ ሌሊቱን በደስታ ተኝቼ አደርሁ።

ቆርቆሮ የማለብስበት ቀን ነበር። ሰላምታ ሰጥታኝ፣ ደብዳቤህን አቀብላኝ፣ ቁጭ በይ ስላት እምቢ አለች። ጫማዋን አውልቃ ከሥር ሆና ቆርቆሮውን ደገፈችልኝ። ነፋሱ ሲያንገላታን እየሳቀች «እትዬ፣ ይዞን እንዳይበር» ትላለች። ሲጋመስ አረፍ አልንና ስለ አንተ አወራችኝ። ክረምት ክረምት ጎርፉን በጀርባህ አዝለህ እያሻገርህ ትምህርት ቤት ታደርሳት እንደነበር፣ ትኩሳት ሲይዛት አጠገቧ ተቀምጠህ ታድር እንደነበር። ከዚያ ዓይኔን እያየች «አባቴ ምን በድሎዎት ነው? ስምዎ ሲነሣ አንገቱን ይደፋል» ብላ ጠየቀችኝ።

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትሁ። ፖስታውን ያዝሁት። በጣቴ መካከል ሲጨማደድ ይሰማኛል። ፊቷን አየሁት፤ የአንተን መልክ ፈለግሁበት። ደግሞ ጣቶቿን አየሁ፤ ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው። ያንተን አጭርና ወፍራም ጣቶች ዘጠኝ ዓመት አውቃቸዋለሁ።

«የድሮ ነገር ነው፣ ልጄ» አልኋት። ነጭ ሽንኩርትና ድንች በማዳበሪያ ቋጥሬ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኋት። መስኮቱን ከፍታ እስክትርቅ ድረስ እጇን አወዛወዘችልኝ። ተመልሼ ፖስታውን ጎጆዬ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሳ አድርጌ፣ የይግዛው ሣጥን ታችኛው ክፍል ቆለፍሁበት።

ለእሷ ራራሁ። ለአንተ ግን አልራራሁም፤ እንዳይመስልህ።

ለጥያቄህ መልሴ ይኸውልህ። መሪጌታ እንየውና አቶ ስማቸው በሕይወት አሉ። የጥር ማርያም ዕለት ብቻህን ና። በእነሱ ፊት፣ በዚያው ግቢ ቆመህ «ስለ እሷ የተናገርሁት ሐሰት ነበር፤ አባቷን በሐሰት ገድያለሁ» በል። ሌላ ነገር እንድትናገር አልጠይቅህም፤ ልጅቱ የምትጎዳበት አንዲት ቃል እንድትጨምርም አልፈቅድልህም። ከዚያ ፖስታውን ከነወረቀቱ እሰጥሃለሁ። ብትፈልግ አንብበው፣ ብትፈልግ አቃጥለው። ምሳህን በልተህ በዚያው ቀን አውቶቡስ ትመለሳለህ። ጎጆዬ ያላት መቀመጫ አንድ ዱካ ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ ነው።

ካልመጣህ ወረቀቱ እኔ ጋ ያረጃል። አንተም ሃይማኖት ሻይ ባቀረበችልህ ቁጥር ብርጭቆውን የያዙትን ጣቶች እያየህ ታረጃለህ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ በዚህ ደብዳቤ ምክንያት አንዲት ክፉ ቃል እንዳትወጣህባት። ያሻገርሃትን ጎርፍ አስታውስ። ከሰማሁ እኔው ራሴ ደብረ ታቦር እመጣለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ። ረጅም ዕድሜ፣ ምንም ከማይረሳ አእምሮ ጋር።

የፀደይ እናት