ታስራ ትቅረብ የተባለችው ምስክር ለዳኛው

ለተከበሩ የወንጀል ችሎት ዳኛ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፉስ? ጉልበቱስ? የእኔ ጉልበት ደህና ነው፣ የፍርድ ቤቱ ደረጃ አሠልጥኖታል።

እኔ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ መከላከያ ምስክር ነኝ፤ ሱቅ ሰብሯል ተብሎ የታሰረው ልጅ ማለቴ ነው። ሱቁ ሲሰበር እሱ እኔ ቤት ቁጭ ብሎ የልጅ ልጄን የሠርግ ቀሚስ እያጠበበ ነበር። ይቺን አንዲት ነገር ለመናገር ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ መመላለስ። ቅሬታ እንዳይመስልዎ፣ ምስጋና ነው፦

አንደኛ፣ መጀመሪያ የጠሩኝ ቀን እርስዎ ስብሰባ ሄደው ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፣ ኮሪደሩን አጠናሁት። አግዳሚው እግሩ ስለተሰበረ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወድቃል፤ እናም ምስክሩም ተከሳሹም ተያይዘን መነሳት ለመድን፣ ተፋቀርን።

ሁለተኛ፣ በቀጠሮዬ ስመለስ እርስዎ መጡ፣ ዓቃቤ ሕጉ ቀረ። መቼም ሰው ነው፣ ይቸግረዋል ብለው ለሌላ ቀን አሻገሩት። ለእሱ መራራትዎ ደስ አለኝ፤ ጨካኝ ናቸው ሲሉ እሰማ ነበር።

ሦስተኛ፣ ወገቤ ይዞኝ የቀረሁ ዕለት ግን ሁላችሁም ተሟልታችሁ ተገኛችሁ አሉ። ፖሊስ አስሮ ያቅርባት ብለው አዘዙ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አጥብቆ የፈለገኝ ሰው የለም፤ ባለቤቴ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አማላጅ ላከ እንጂ ፖሊስ አልላከም።

ልጁ ግን እኔ አፌን እስክከፍት እስር ቤት ነው። እናቱ እዚያ በር ላይ ምግብ አቀብላ ስትመለስ ወገብዎ ተሻለዎ ወይ ብላኝ ታልፋለች፤ እሱ ነው የሚገድለኝ።

ደግሞ ኮሪደር ላይ ጠይቄ የደረስኩበት ነገር አለ፦ በፖሊስ የመጣ ቀድሞ ይገባል፣ በእግሩ የመጣ ቁጭ ብሎ ይውላል። ስለዚህ አደራዎን፣ ትዕዛዙን እንዳያነሱብኝ! ወገቤ ተሽሎኛል፣ ግን አልመጣም። ልብሴን ለብሼ፣ ነጠላ ጫማዬን በር ላይ አዘጋጅቼ ፖሊስዎን እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ፣ ታዛዥዎ፣ ተፈላጊዎ፣ መታሰር የናፈቃት የሰፈሩ አያት

ማስታወሻ፦ ይሄን ጽፌ ሳልጨርስ ፖሊሱ ደወለ። መኪናው ነዳጅ ስለሌለው ራሴን ይዤ በታክሲ እንድመጣ ለመነኝ። ምን ላድርግ፣ ትሑት ልጅ ነው፣ እሺ አልኩት። እንግዲህ አሳሪዋም እኔ፣ ታሳሪዋም እኔ፣ ሁለት ሆነን እየመጣን ነው፤ ስንመለስ ግን ልጁን ይዘን ሦስት እንሁን።