ሶሬቲ ያልተጠየቀችበት እርቅ

ለተከበሩ የነፃ የሕግ ድጋፍ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጤናዎ እንደ እንጦጦ አየር የጠራ፣ ወንበርዎም እንደ ልማዱ የጸና ይሁን እያልኩ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ በፈረንሳይ ለጋሲዮን የእድራችን ዳኛ ስሆን፣ የምጽፍልዎ ስለ ጎረቤቴ ስለ ወይዘሮ አስረሳሽና ስለ ዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ስለ ሶሬቲ ነው፤ ልጅቱን አባቷ በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፋታል። ምስጋናዬን በተራ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ እናትየዋ ጠበቃ ፍለጋ ስትመጣ፣ ልጅቱ ባለጉዳይ በሞላበት ኮሪደር ጀርባዋን ገልጣ እንድታሳይ ስላደረጋችሁ እናመሰግናለን። ሰፈሩ ሁሉ ስላየ ምስክር ጠፋ የሚል አይኖርም።

ሁለተኛ፣ ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ኃላፊ ፊርማ» የሚል ቦታ በመኖሩ፣ አባትየውን አስፈርማ እንድትመለስ ስላዘዛችኋት ጥንቃቄያችሁን አደንቃለሁ። እርሷም የታዘዘችውን አክብራ ወረቀቱን ሰጠችው። በዚያ ሳምንት ሶሬቲ ትምህርት ቤት አልሄደችም።

ሦስተኛ፣ አባትየው ከፊርማው ይልቅ የሽማግሌዎች የእርቅ ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ «በስምምነት ያለቀ» ብላችሁ መዝገቡን በመዝጋት ስላሳረፋችሁን እግዚአብሔር ያሳርፋችሁ።

እዚህ ላይ ግን ጥፋቱን ሁሉ ለእናንተ ብሰጥ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆንብኛል። ያንን ወረቀት በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቤት ገመና አደባባይ አይውጣ ብዬ ባልና ሚስቱን አስታረቅሁ፣ ጉልበት አሳስሜ፣ መርቄ ወጣሁ። ልጅቱ በር ሥር ቆማ ታየን ነበር፤ አንዳችንም አልጠየቅናትም። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ «አባባ፣ ከእኔ ጋርስ መቼ ነው የምታስታርቁት?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ በሰባ ዓመቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ አለፍኩ።

የከበረ ጊዜዎን በአንዲት ሕፃን ጉዳይ ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለቅጽዎ፣ ለማኅተምዎና ለተዘጋው መዝገብዎ ያለኝን አክብሮት በትሕትና እገልጻለሁ።

ወልደ ሐዋርያት ገላው
የማይገባውን የፈረመ ሽማግሌ

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ጠዋት ከእናትና ልጅ ጋር ቢሮዎ እመጣለሁ። እርቁን መሻሬን ጽፌ ይዣለሁ፤ ጠበቃ ከተገኘም መጀመሪያ እኔን ምስክር አድርጎ ይጠይቀኝ። የቤተሰብ ኃላፊ ፊርማ የግድ ከሆነ ግን አይቸገሩ፤ ሶሬቲ ስሟን መጻፍ ትችላለች።