ካምቢዮውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ

አባዬ፣ ከተለየኸን ስምንት ወር ሆነ። ይህን ሁሉ ጊዜ አንዲት መስመር ያልጻፍኩልህ ሥራ በዝቶብኝ እንዳይመስልህ። አፍሬ ነው።

ቤት ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል። ሸማ ተራ ያለው ሱቅህም እንደነበረ ነው፤ ጎረቤትህ እትዬ ዘነበች ዛሬም ወንበርህ ላይ ሰው አያስቀምጡም።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጋቢና ነጠላ ጭነን በድሮዋ ፒካፕህ ወደ መርካቶ ስንወርድ ትዝ ይልሃል? ቁልቁለቱ ጋ ስትደርስ ማርሹን ዜሮ ታደርግና፣ ቤንዚን የማይበላ መንገድ አላህ የሰጠን ይኼ ብቻ ነው እያልክ ትስቅ ነበር። እኔም አጠገብህ ተቀምጬ ይህንኑ ተማርኩ። አውቶማቲኳን የገዛን ጊዜ ግን አንተው ራስህ ሰው ጠይቀህ መጣህና፣ ይቺ እንደ ድሮዋ አይደለችም፣ እየሄደች ዜሮ ካደረግካት ካምቢዮው ዘይት በደንብ አይደርሰውም፣ ይቃጠላል አልከኝ። እኔ ጉረኛው ደግሞ የማንዋል ሰው ስለ አውቶማቲክ ምን ያውቃል ብዬ ሳቅሁብህ። ቁልቁለት ባየሁ ቁጥር ዜሮ፣ ታች ስደርስ ደግሞ እየበረረች መልሼ ማርሽ ማስገባት። አንተን ጭኜ እንኳ አድርጌዋለሁ። እጄን አይተህ ፊትህን ወደ መስኮቱ አዞርክ።

ካምቢዮው የተቃጠለ ዕለት መካኒኩ ጋሽ ከድር እኛ ቤት ድረስ መጣና፣ ቁልቁለት ላይ ዜሮ አድርጎ የሚነዳት ሰው አለ አለን። ሁሉም ዞሮ አንተን አየ። በዜሮ ማርሽ የሚታወቀው አንተ ነሃ፣ ማን እኔን ይጠርጥር? ወይ እኔ! ጭጭ አልኩ። አንተም አንዴ አየት አደረግከኝና ሻይህን ፉት አልክ። እማዬ ተቆጥታ ቁልፉን ተቀበለችህ፤ ከዚያ ወዲያ እስክትሞት መሪ አልጨበጥክም። ዕድሜህን ሙሉ የነዳህ ሰው አንዋር መስጊድ ጋ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመህ ሳይህ፣ እንዳላየ ሆኜ በተጠገነችው መኪና አልፌሃለሁ። አጠገቤ ብትቀመጥ ዓይንህን የማይበት ፊት አልነበረኝም።

ባለፈው ኢድ ምሳ ላይ እማዬ መንዳት የጀመረችውን እህቴን ሰሚራን፣ እንደ አባትሽ ካምቢዮ እንዳታቃጥዪ አለቻት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩ። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ አባዬማ እንዳላደርግ ነግሮኝ ነበር አልኩ። እማዬ አልተቆጣችም፣ አልሰደበችኝም። ተነስታ መኝታ ቤታችሁ ገባችና በሩን ዘጋችው። ተከትያት ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ስምህን እየጠራች አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ትልሃለች። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባዬ፣ እኔን ተወኝ፣ እሷን ብቻ አውፍ በላት። በዱዓዬ አልረሳህም። ሰሚራን ቁልቁለት መውረድ የማስተምራት እኔ ነኝ፤ ያኔ የነገርከኝን እነግራታለሁ፣ አባትሽ ነው ያለው ብዬ።

ልጅህ ጀማል