አዝማች ሁለት ጊዜ ይመለሳል

ኅዳር 2፣ ከጠዋቱ 3 ሰ.፣ መርሳ

የአልበሜ አምስተኛው ዘፈን አለቀ! ክራሩ እኔ፣ ጭብጨባው እኔ፣ ከበሮውም (ጀሪካን ነው፤ ለማንም እንዳትነግሪ ደብተሬ) እኔ። ተቀባዮቹም እኔው ነኝ፤ ድምፄን ሦስት ጊዜ ደራርቤ። አ.አ ብደርስ ኖሮ ሙዚቀኛ አይጠፋም ነበር። መንገዱ ተዘጋ። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም። ያለኝ ስልኬና ጦርነቱ ሳይመጣ ያወረድኩት መቅጃ አፕ ብቻ። አከራዬ ሐጂ እንድሪስ ሶላራቸው ላይ ይሰኩልኛል።

የምቀዳው እሳቸው መጋዘን ውስጥ ነው። የማሽላው ጆንያ ማስተጋባቱን ይውጠዋል። አቧራው ግን ጉሮሮዬን ጨረሰው።

ኅዳር 5፣ እሑድ

ዛሬ ምንም አልሆነልኝ። በውርጌሳ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ዋለ። ስድስተኛው ዘፈን ውስጥ ገባ። ሰረዝኩ። ደግሜ ቀዳሁ። ደግሞ ገባ። እርር ድብን አልኩ። አልቅሼ ወጣሁ።

ሐጂ አዩኝ። መድፉም እንደኔ ዘፈን አይወድም መሰለኝ አሉ። ሳልወድ ሳቅኩ። ዘፈን ሐራም ነው ሳይሉኝ ውለው አያውቁም፤ ስልኩን ግን ሞልተው ነው የሚሰጡኝ።

ኅዳር 9፣ ከሰዓት

በችኮላ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴን ይቅር በይኝ።

ታጣቂዎች ቤት ለቤት ፈተሹ። ጆንያውን እየወጉ። የግጥም ወረቀቴን አገኙት። አንዱ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «አዝማች ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሦስተኛው ላይ ሁሉም ይገባል።» እኔ እኮ የዘፈኑን አዝማች ማለቴ ነው! ሰውዬው የጦር አዝማች መሰለው። ማነው አዝማቹ? በየት በኩል ነው የሚመለሰው? እነማን ናቸው የሚገቡት? ይባስ ብሎ ሳቄ መጣ፤ የፍርሃት ሳቅ። አለቀልኝ አልኩ።

ሐጂ መሃል ገቡ። ዘፋኝ ናት፣ የዘፈን ነገር ነው አሏቸው። እንግዲያው ትዝፈን ተባለ።

ዘፈንኩ። ለስልክ እንጂ ለሰው ዘፍኜ የማላውቀው ሴትዮ፣ ጠመንጃ ፊት! አዝማቹ ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። ያኔ ሐጂ ተቀበሉኝ። ወላሂ! መንዙማ እንደሚቀበሉት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እያጨበጨቡ። ሁለተኛውንም ተቀበሉ። ሦስተኛው ላይ አብረን ገባን። አንዱ ታጣቂ በእግሩ ምት መምታት ጀምሮ ነበር፤ አለቃው ሲያየው ተወ።

ወረቀቱን መለሱልኝ። ስልኬን ይዘው ሄዱ። አምስት ዘፈን፣ ደብተሬ። አምስት!

ኅዳር 10፣ ዓርብ

ስተኛ ዋልኩ። ረገምኳቸው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ከጁምዓ በኋላ በሬ ተንኳኳ። ሐጂ። የራሳቸውን ስልክ ዘረጉልኝ። ቁርአን የሚያዳምጡበት ነው፤ በፍተሻው ቀን መስጊድ ረስተውት ተርፏል። ቁርአኑን እንዳታጠፊ፣ ለአንቺም ቦታ አለው አሉኝ። ሐራም አይደለም ወይ ብላቸው፣ «እሱን ለአላህ ተይው» አሉ። ደስታዬ አላስቻለኝም። የርስዎንም ድምፅ ላስገባው ወይ ብዬ ደፈርኩ።

«አበዛሽው!» ብለው ወጡ።

ኅዳር 12፣ ጠዋት፣ መጋዘን

የሳቸው ስልክ አፑ የለውም። መደራረብ ቀረ። ክራሩም ድምፁም በአንዴ፣ ሳይቆረጥ። መጀመሪያ ከፋኝ። ስሞክረው ግን ዘፈኖቹ ሁሉ አሉ! አንድ ቃል አልጠፋኝም፣ ጣቴም አልረሳም። ሁሉንም ብቻዬን መጫወቴ በጀኝ፤ ሰው እጅ የቀረ ነገር የለኝም።

ወሰንኩ። አልበሙ እንዲህ ይወጣል። ብሳሳትም አላቆምም።

ሐጂ ገቡ። ጆንያ ላስተካክል ነው የመጣሁት አሉ። ጆንያው የተስተካከለ ነው። አንዱ ላይ ተቀመጡ። ቀጥይ፣ እኔ የለሁም አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አሁንም ጠረጉ። ደብተሬ ቆዪ፣ ስልኩን ወደሳቸው ጠጋ ላድርግ።