በከንፈርዎ ላይ ስላረፈችው ንብ

ለተከበሩ የመናፈሻና የአካባቢ ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከንፈርዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እብጠቱ ጎድሎ ሻይ ያለ ማንኪያ እርዳታ መጠጣት መጀመርዎን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እኔና ታላቅ እህቴም፣ እርስዎ ደህና ከሆኑልን፣ ደህና ነን ማለት እንችላለን። በአደባባይ የምጽፍልዎ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ከሚል በቀር መልስ ስላላገኙ ነው።

አንደኛ፣ ነፍሳት በመልካቸው እንዲዳኙ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ለየቤቱ ያደሉት «ጠላትን ያጥፉ» የሚል ባለሥዕል ወረቀት ቢራቢሮን በወዳጅ፣ አባጨጓሬን በጠላት ረድፍ ሲያሰልፍ፣ ሁለቱ እናትና ልጅ መሆናቸውን ሹክ የሚልዎ አንድ ሰው እንኳ በቢሮዎ መጥፋቱ አሳዝኖኛል። ሰፈርተኛው ግን ትእዛዝ አክባሪ ነውና ጎረቤቴ አናጺው በመዶሻ፣ ባለቤቱ በፈላ ውኃ ጓሯቸውን አጸዱ። ክሽክሽ የሚባለውን የጎመን ተባይ እየበሉ ጎመናችንን የሚያድኑልን የጥንዚዛ እጮች እንኳ ፊታቸው አላማረም ተብለው በጫማ ተረከዝ ተፈጩ። ክሽክሹ ደቃቃና አረንጓዴ በመሆኑ ማንም ክፉ አላሰበበትም፤ አሁን ጎመኑን በሰላም እየጨረሰው ነው።

ሁለተኛ፣ ንብ በዚያ ወረቀት ላይ ወዳጅ ነበረች። መናፈሻው በተመረቀ ዕለት ፎቶ አንሺው «ትንሽ ጠጋ ይበሉ» እያለ አፍንጫዎን ጽጌረዳ ውስጥ አስቀበረዎና፣ ሥራ ላይ የነበረች አንዲት ንብ ከንፈርዎን ነደፈች። በማግስቱ ንብ በእስክሪብቶ ተሰርዛ ወደ ጠላት ረድፍ ተዛወረች። እንዲህ ያለ ፈጣን አገልግሎት ከጽሕፈት ቤትዎ አግኝቼ አላውቅም።

ሦስተኛው ቅሬታዬ በራሴ ላይ ነው። በተነደፉበት በዚያው ቀን ጢምዎን ለመላጨት እኔ ዘንድ መጥተው፣ ባበጠው ከንፈርዎ ዙሪያ ምላጬን በጥንቃቄ ሳዞር፣ ላስቅዎ ብዬ «የእህቴ ንቦች ይሆናሉ ጌታዬ፣ ባለሥልጣን አይለዩም» አልኩ። እርስዎም በመስታወቱ ውስጥ እያዩኝ ቤቷ የት እንደሆነ በጨዋ ደንብ ጠየቁኝ። እኔም በር ቁጥሩን ሳይቀር ነገርኩዎ። ምላሴን ያኔውኑ ብቆርጠው ይሻል ነበር።

አራተኛ፣ ሐሙስ ጠዋት አምስት ሰዎችዎ መጡ። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ስትወጣ የበሩ መቀርቀሪያ ተገንጥሎ ነበር። አለቃቸው «እትዬ፣ ዞር ይበሉ፤ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው» አላት፤ ለትሕትናው ምስጋናዬ ይድረሰው። ከዚያ ቀፎውን በብረት ዘንግ ፈለጡት፣ በመርጫ ቤንዚን አርከፈከፉበት፣ ለኮሱት። እየነደዱ የሚበሩት ንቦች በተሰጣው ልብስ ላይ እንደ ፍም ረገፉ፤ ሰሙ ቀለጠና እጮቹ በውስጡ እየተቀቀሉ ፈሰሱ። እህቴ አውራዋ ንብ ያለችበትን የማር እንጀራ ለማውጣት ሁለት እጇን እሳቱ ውስጥ ከተተች። አንደኛው ሰውዎ እንድትለቅ በመርጫው ቱቦ ክንዷን ደጋግሞ መታት። አልለቀቀችም። ሐኪሙ የረጋውን ሰም ሲያላቅቅ ቆዳዋ አብሮ መጣ። የቀኝ አውራ ጣቷ ከእንግዲህ እንደማይታጠፍ ነግሮናል። የጀመረችው የሙሽራ ቀሚስ እጅጌ ሳይኖረው መኪናው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

ቤቷን ማን እንዳሳያቸው እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝና ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። በማንኪያ ሳጎርሳት «አንተም ብላ እንጂ፣ ወንድሜ» ትለኛለች።

አምስተኛ ብዬ ብዙ ልዘረዝር ነበር፤ ግን ሁሉም አንድ ነገር ሆነብኝ። ክቡርነትዎ፣ እጠላዎታለሁ። ይህን የምገልጸው ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ በሙሉ ትሕትና ነው። ካሳ አልጠይቅም። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፦ ፋሻው በሚቀየርበት ሰዓት መጥተው እጆቿን እንዲያዩ፣ ዓይንዎንም እንዳይመልሱ።

ለስድስት ዓመት ጉሮሮዎን እየላጨ አንዲት ጠብታ ደም ያላፈሰሰ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን ለራስዎ ደኅንነት ሲሉ ሌላ ቤት እንዲሞክሩ በአክብሮት የሚመክርዎ፣

ትሑት ፀጉር አስተካካይዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ እህቴ ያዳነቻት አውራ ንብ አልሞተችም። ከሞት የተረፉትን አስከትላ ከሰኞ ጀምሮ በስብሰባ አዳራሽዎ ኮርኒስ ውስጥ፣ ልክ ከወንበርዎ በላይ መስፈሯን የጽዳት ሠራተኛዋ ነግራኛለች። መድኃኒት ቢያስረጩባቸው ቁልቁል ይወርዳሉ። በዚህ ሰፈር ንብን ሳያስቆጣ በባዶ እጁ አንስቶ የሚወስድ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሴትየዋን ያውቋታል፣ አድራሻዋም እርስዎ ዘንድ አለ።