የተሬዛ አባት

ይድረስ ለልጄ ለሂዊ፣

ሲስተር ተሬዛ ልልሽ ይገባ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ስለ ገዳሙ ሌላ ጊዜ ትጽፊልኛለሽ፤ አሁን ስለ ራስሽ ጻፊልኝ። እኔ፣ የድንግል ልጅ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ሉማሜ ዝናቡ ቀድሞ ገባ፤ ላሚቱም ወልዳለች።

አክስትሽ የብርጓል አንቺን ጠይቃ ስትመለስ፣ «ልጅህ ከስታለች፤ ሳልም አላት» አለችኝ።

«ሁዳዴው ከብዷት ነው» አልኳት።

«ወንድምዓለም፣ ፋሲካ ካለፈ እኮ ወር ሆነው! የተረፉት ዶሮዎች እንኳ ረስተውታል።»

ስትመነኩሺ ስሟን የወሰድሽላትን የቅድስቲቱን ታሪክ በአክስትሽ እጅ ልከሽልኝ አነበብኩት። ልጅቱ ደም እየሳለች ጾሜን አልፈታም ብላ፣ በሃያ አራት ዓመቷ ሞተች። ይኸው ዓለም ሁሉ ሥዕሏን ይሳለማል። እኔ ግን የፈለግሁት አባትየውን ነው። እሱም እንደኔ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹን ለገዳም የሰጠ ሰው ነበር። ከእሷ ቀድሞ ሞቷል። እዚያ ላይ ስደርስ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ቀናሁበት።

ቅቤ በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ። ለሌሎቹ እህቶች ሳታካፍዪ ብቻሽን ብዪው፤ ኃጢአቱ በኔ ይሁን።

እመብርሃን ትጠብቅሽ፣ የኔ እናት። አንቺው ቅበሪኝ።

አባትሽ ደምለው