ከጥዶቹ ሥር ያለው ሸክላ አፈር

ቪልኮፔ፣ ማርች 27 ቀን 2019

ለልጄ ለሪማንቴ፤

ይህን ደብዳቤ የምልከው በመሥሪያ ቤትሽ አድራሻ ነው፤ የቤትሽን አላውቀውም። እዚያ ሆላንድ ፖስታሽን የሚከፍትልሽ ሰው ካለ የቤተሰብ ጉዳይ መሆኑን አውቆ ሳያነብ ይስጥሽ።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይለግማል እንጂ ሌላው እንደ ዕድሜዬ ነው። ሐይቁ ዘንድሮ በደንብ አልረጋም። በረዶው ስስ ስለነበር በቀዳዳ ዓሣ የሚያወጡት ሰዎች ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሠሩ ቀሩ። በጃንዋሪው ማዕበል የጣሪያችን የምዕራብ ጠርዝ ተነሥቶ ነበር፤ ዓሣ በጭስ የሚያደርቀው ቫጺስ መጥቶ መታልኝ። ዋጋውን ስጠይቀው «ለልጅሽ ጻፊላትና እሷ ትክፈለኝ» አለኝ። ቀልዱን ነው። አሁን እዚህ መንደር ውስጥ በእኔ ላይ የሚቀለደው እንዲህ ነው።

የአሸዋ ጉብታው ጥዶች ቆረጣ አልቋል። የመጨረሻው ጥድ የወደቀው በወሩ አሥራ ሁለተኛ ቀን፣ ማክሰኞ ነው። ወፎቹ እንቁላል ሳይጥሉ ይለቅ ብለሽ በጻፍሽው መሠረት በጊዜው ተጠናቋል። ከኩሽናዬ መስኮት ጉብታው ራቁቱን ይታያል። ነፋስ ሲነሣ ከጫፉ ላይ አሸዋው እንደ ጭስ ይበናል። ወጣቱ ባለሙያ ይህን «መተንፈስ» ይለዋል። እኛ ተከላውን ስንጀምር ስሙ «ወረራ» ነበር።

ወጣቱ ባለሙያ ያልኩሽ ባለፈው ኦክቶበር ዕቅዱን ሊያስረዳን የተላከው ነው። በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ሰበሰበን። ልብሱም አነጋገሩም ንጹህ ነው፤ በእሱ ምንም የለኝም።

«የአሸዋ ጉብታ ሕይወት አለው» አለ። «ካልሄደ ይሞታል። ድንኩ ጥድ እግሩን አስሮታል። ያኔ የተከሉት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም፤ ግን ስህተት ነበር።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አለው ቫጺስ።

«ወደ ምሥራቅ። በዓመት አራት ሜትር ያህል።»

«በምሥራቅ በኩል እኮ መቃብራችን ነው ያለው።»

«በመካከሉ ስድሳ ሜትር አለ።»

«ታዲያ ምን ችግር አለ» አለ ቫጺስ ወደ ሰዉ ዞሮ። «አሥራ አምስት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ መንግሥት ሁለተኛ ይቀብረናል፤ ያውም በነፃ።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወጣቱ የመጨረሻውን ሥዕል ግድግዳው ላይ አበራው፤ ዕቅዱን ያዘጋጀችው ሰው ስም ነበር። ዶክተር ሪማንቴ፣ ከነአባትሽ ስም፣ በትልቁ። ሳቁ ቆመ፤ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ጎረቤታችን ስታሴ አጠገቤ ነበረች። «ቀና በይ» አለችኝ በጆሮዬ። «አንገትሽን ስትደፊ የሰረቅሽ ትመስያለሽ።»

ያን ሳምንት ጻፍኩልሽ። የጠየቅሁሽ ብዙ አልነበረም፤ ከመቃብሩ ፊት ለፊት ሠላሳ ሜትር ስፋት ያለው ጥድ ይተውልን አልኩ። አባትሽ እዚያ ነው። ድንጋዩ ላይ የእኔም ስምና የተወለድኩበት ዓመት አብሮ ተቀርጿል፤ የሚጎድለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። መልስሽ በሦስት ሳምንት ደረሰኝ፣ ማኅተም ባለው ወረቀት። «የተከበሩ ነዋሪ፣ ያቀረቡት ጥያቄ ተመርምሯል። በመካከል የማይነቃነቅ ክፍል መተው የጉብታውን እንቅስቃሴ ስለሚያውክ ለመቀበል አንችልም።» ከሥሩ ፊርማሽ አለ። ፊርማሽን አውቀዋለሁ፤ የመጀመሪያውን እጅሽን ይዤ ያጻፍኩሽ እኔ ነኝ። የመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ «እናቴ ሆይ» ተብሎ እንደማይጀመር ይገባኛል። ግን ከጎኑ ሌላ ትንሽ ወረቀት መጨመር ይቻል ነበር፤ ፖስታው ባዶ ቦታ ነበረው።

በአባትሽ ተዝካር ማዕድ ላይ ያልኩሽን አልካድኩም። ሰዎች አባትሽ ፕራናስ የተከላቸውን ጥዶች እያመሰገኑ ሲበሉ «ባይተከሉ ይሻል ነበር» አልሽ። እኔም ውጪልኝ አልኩሽ። የመቃብሩ አፈር ገና እርጥብ ነበር፤ ሌላ ቀን ብትዪው ኖሮ እንከራከር ነበር።

ባለፈው ጁላይ ለልኬት መጥተሽ እንደነበር አውቃለሁ። ማንም አልነገረኝም። እሑድ ጠዋት መቃብሩ ጋ ስደርስ አሸዋው ላይ ኮቴ አገኘሁ። የእኛ ሰው መቃብር ጎብኝቶ ሲመለስ ጥርስ ባለው መጥረጊያ የራሱን ዱካ እያጠፋ ወደ ኋላ ነው የሚወጣው፤ ይህን አባትሽ ገና ስድስት ዓመትሽ ሳለ አስተምሮሻል። አንቺ አልጠረግሽም። ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ፣ ቀኝ እግሯን ወደ ውጭ የምትጥል ሴት። ብዙ ቆመሻል፤ አንድ ቦታ ላይ አሸዋው ተረግጦ ጠንክሮ ነበር። እኔ ጠረግሁልሽ። ከዚያ እስከ ቤቴ ስምንት መቶ እርምጃ ነው። ቤት ነበርኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን የሚያውቁት በሕይወት ካሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እኔና ስታሴ። ከተከላ ቡድኑ የቀረነው እኛ ነን።

ዕቅድሽን አግኝቼ አነበብኩት። ገጽ አርባ አንድ ላይ የአባትሽን ዘገባ ጠቅሰሻል። ጥዱ «በንጹህ አሸዋ ላይ የተተከለ በመሆኑ» ከተቆረጠ በኋላ ራሱን አይተካም ትያለሽ። አባትሽ እንዲህ ብሎ ጽፏል፤ እውነት ነው። የጻፈው ግን እውነት አልነበረም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ ከበላይ የመጣው ትዕዛዝ ንጹህ አሸዋ ላይ ትከሉ የሚል ነበር። ሴቶቹ ጭራሮ እየሸረብን ጉብታውን በሁለት ሜትር በሁለት ሜትር እናጥረዋለን፤ በየአጥሩ መካከል ችግኙ ይገባል። የመጀመሪያው ዓመት ተከላ ደረቀ። ሁለተኛውም ደረቀ። ሦስተኛው ቢደርቅ ፕራናስ ሆን ብሎ ሥራ አበላሸ ሊባል ነው፤ በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ ማስረዳት አልችልም። አባትሽ ታዲያ ከሐይቁ ማዶ፣ ከተዘጋው የጡብ ፋብሪካ፣ ሸክላ አፈር በዓሣ ጀልባ ያስጭነን ጀመር። ማለዳ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ። ከወደቡ እስከ ጉብታው ጫፍ ለሁለት ለሁለት በቃሬዛ ተሸከምነው። በየጉድጓዱ አንድ አካፋ ጭቃ፣ በላዩ ችግኝ፣ በላዩ አሸዋ። ስታሴ «ሬሳ ሳይኖር ስንት ቃሬዛ ነው የምንሸከመው» ትል ነበር። ስድስት ዓመት እንዲህ አደረግን።

ጸደቀ። ከዋና ከተማ ሰዎች መጥተው ፎቶ አነሡ። ንጹህ አሸዋ ላይ ጥድ ያጸደቀ ሰው ተብሎ ለአባትሽ ሜዳሊያ ሰጡት። አንድ ቀን እንኳ ደረቱ ላይ አላደረገውም፤ ከአዝራርና ከመርፌ ጋር መሳቢያ ውስጥ ነው የኖረው። አንቺ ከትሕትናው ይመስልሽ ነበር። ይፈራ ነበር። ዘመኑ ሲለወጥም ፍርሃቱን ትቶ ማፈር ጀመረ፤ ለአንቺ ሊነግርሽ ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ አይቼዋለሁ።

በዚህ ፌብሩዋሪ ቆራጮቹ አንዱን ጉቶ ለማሽኑ መንገድ ስለዘጋ በሰንሰለት ነቀሉት። እኔና ስታሴ ዳር ላይ ቆመን እናይ ነበር።

«እማማ፣ ራቅ ይበሉ፤ ሰንሰለቱ ይመታዎታል» አለኝ አለቃቸው።

ሥሩ ሲወጣ ቡናማ ጓል ይዞ ወጣ። የአካፋው ምት በጎኑ ላይ እንደተስተካከለ ነበር፤ ትናንት የተቆረጠ ይመስላል። ሰውየው በጫማው መታ መታ አደረገው።

«አሸዋ ውስጥ ጭቃ ከየት መጣ?»

«የፍልፈል ቤት ነው» አለች ስታሴ።

«ፍልፈል ጭቃ ያመጣል እንዴ?»

«የእኛ አገሩ ያመጣል። እንደናንተ በቀን ስምንት ሰዓት አይደለም የሚሠራው።»

ሳቀና ወደ ማሽኑ ሄደ። ስታሴ በእግሯ አሸዋ እየገፋች ጓሉን ቀበረችው። ስንመለስ ክንዴን ያዘችኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ዝም ነው፣ ሌኦካድያ። ፍሬው አሸዋ ላይ ሲወድቅ ይደርቃል፣ ነፋስ በገለጠው ጭቃ ላይ ሲወድቅ ይበቅላል። አሥር ዓመት ብንጠብቅ ጉብታው አረንጓዴ ነው። ሁለተኛ የሚቆርጥበት ገንዘብ ማንም የለውም።»

«ሪማንቴስ?»

«ሪማንቴ ምን? እሷ ስለ አንቺ ጠይቃለች?»

ጎንበስ ብዬ ከጫማዬ አሸዋውን አራገፍኩ።

«በፕራናስ አጥንት ማይልኝ» አለች።

ማልኩላት።

ስለዚህ ይህን ስታነቢ መሐላዬን አፍርሻለሁ። ስታሴ ከሰማች ከእኔ ጋር እህል አትቀምስም። ድንች የምትልጥልኝ፣ እጄ ሲያብጥ ከጉድጓድ ውኃ የምትቀዳልኝ እሷ ናት። ቫጺስም በሚቀጥለው ማዕበል ጣሪያዬን የሚመታ አይመስለኝም።

ትክክል ነሽ ብዬ አይደለም የምነግርሽ። በዕቅዱ አላመንኩም። ወጣቱ ካሳየን ሥዕሎች ሁሉ አንዱም ላይ ሰው አልነበረም፤ አሸዋ፣ ሣር፣ ወፍ። ሰው የሌለበትን አገር ማዳን ቀላል ነው። ግን ሁለት ሳምንት አሰብኩበት። ዝም ካልኩ አባትሽ ባለበት ይተኛል። በአሥር ዓመት ውስጥ ደግሞ ሊጎበኙ የሚመጡ ሰዎች ጉብታው ላይ በጉልበት ልክ የደረሰ ጥድ ያዩና «ማን ነበረች ይህን ያቀደችው?» ይላሉ። ያኔ አርባ ዘጠኝ ዓመትሽ ይሆናል፤ ስም ከተበላሸ በኋላ እንደገና የሚጀመርበት ዕድሜ አይደለም። አባትሽን በዚያ ዕድሜው አይቼዋለሁ።

ከእኛ ቤት በዚህ ጉብታ ላይ አንድ የውሸት ሥራ ወጥቷል። ይበቃል።

የአባትሽ ዘገባ ሐሰት እንደነበር መጻፍ ይኖርብሻል። ጻፊው። ስሙን ግን ሙሉውን አድርጊው፤ «አንድ የቀድሞ ሠራተኛ» እንዳትዪው። ለምን እንደዋሸም አንድ መስመር ይጨመር።

አሁን በደንብ ያዢው። ረድፎቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው የሚሄዱት፣ በሁለት ሜትር ርቀት። ጉቶዎቹን ከተከተላችሁ አትስቱም። ጭቃው ከአሸዋው ገጽ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ነው፤ ነፋስ ባራቆተው በምዕራቡ በኩል ከስንዝር አይበልጥም። በማሽን እንዳታስወጪው፣ ፈጭቶ ይበትነዋል፤ በአካፋ የገባ በአካፋ ይውጣ። የወጣውን እዚያው ዳር አታስከምሩ፣ ዝናብ መልሶ ያወርደዋል። ማዶ ይሂድ፣ ከመጣበት። በጋው ሳያልፍ አስጀምሪ። የምትልኪያቸው ሰዎች ማደሪያ ካጡ የአንቺ ክፍል አለ፤ ምድጃው ይሠራል። አንቺ ራስሽ ከመጣሽ ደግሞ ቁልፉ የት እንዳለ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ከመቃብሩ ፊት ለፊት ያሉት ሰባት ረድፎች እንደሌሎቹ አይደሉም። አባትሽ ለአንድ ጉድጓድ አንድ አካፋ ብሎ ነበር፤ ጭቃው ይቆጠር ነበርና። እናቴ ግን ያኔም እዚያ መቃብሩ ውስጥ ተኝታ ነበር፤ እኔ እሱ ዞር ሲል ሁለት ሁለት አደርግ ነበር። ሰዎችሽ የላዩን አውጥተው ጨርሰናል ካሉሽ አትመኛቸው። ከሥሩ ሌላ አለ። ጥልቅ ነው፣ ጠንካራም ነው፤ በደንብ ጠቅጥቄዋለሁ።

ጤና ይስጥሽ። ሥራሽን የሚያበላሽ አይግጠምሽ። በነፋስ ስትወጪ ራስሽን ሸፍኚ።

እናትሽ
ሌኦካድያ